ለእትዬ አሰጋሽ ጆሮ የሚመጥን

ሰበታ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለመኪያ፣ ሮተርዳም፤

በእናትሽም ቤት በእኔም ቤት የሚጠራው ፈጣሪ አንድ ነው ብዬ ስለማምን አንዴ ብቻ ልጥራው፤ እሱ ይጠብቅሽ። ባልሽን ዲኖን ሰላም በይልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ክረምቱን ጉልበቴ አስቸግሮኝ ነበር፣ መስቀል ካለፈ ወዲህ ግን ተሽሎኛል።

ደብዳቤሽን ጎረቤቴ ተረፈች ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። አስተማሪዋን ማለቴ ነው፤ ባሏ ኦቦ ገርባ ፉሪ በኩል ከአባቱ የወረሰውን መሬት ያርሳል። የሚለየን አንድ አጥር ነው፣ እሱንም ገርባ መሀሉን ከፍቶ መተላለፊያ አድርጎልኛል። መልሱን ግን እንደ ወትሮው ራሴ በታይፕ እጽፈዋለሁ። ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የተማርኩት ታይፕ ዛሬም ከጣቴ አልወጣም። ስህተት ካገኘሽ እለፊው፣ እኔ መልሼ ማየት አልችልም።

«አሁን ጡረታ ወጥተዋል፣ ለራስዎ የሚፈልጉትን አንድ ነገር ይንገሩኝ፣ ዋጋውን አያስቡ» ብለሽኛል። ሁለት ጊዜ ምንም አልፈልግም ብዬሻለሁ። ዋሽቼሽ ነው። ሰው ይስቅብኛል ብዬ ነው እንጂ የምፈልገው አለ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። በዚያ ሁሉ ዘመን የሰው ድምፅ ወደ ግራ ጆሮዬ የመጣው በቀጭን ሽቦ ነው፤ ተጨምቆ፣ ደረቱ ተቆርጦ። ቤት ስገባም ሙዚቃውን የምሰማው ከመዳፌ ከማትበልጥ ሬዲዮ ነው። ሙሉ ድምፅ የሰማሁት በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ነው። ልጅ ሆኜ አንድ የጦር ሠራዊት ባንድ ትምህርት ቤታችን መጥቶ ነበር፤ አስተማሪያችን እጄን ይዛ በነፊዎቹ መካከል አቆመችኝ። መለከቱ በቀኜ፣ ከበሮው ከኋላዬ፣ ክላርኔቱ አፍንጫዬ ሥር ነበር። ያን ቀን አልረሳሁትም።

እንግዲህ የምፈልገው እሱን ነው። ሸክላ ማጫወቻ፣ እውነተኛ አምፕሊፋየርና ሁለት የማይዋሹ ስፒከሮች። ለሰፈሩ ሰው ብናገር ፍሪጅ ይሻልሻል፣ ላም ይሻልሻል ይሉኛል። ለተረፈች ብቻ ነግሬያት «ያስፈልግሻል» አለችኝ። አንቺ ከሳቅሽ ግን ነገሩ እዚሁ ይቅር።

የምትወድሽ አክስትሽ አሰጋሽ

•

ሮተርዳም፣ ኅዳር 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተወደዱ አክስቴ ለእትዬ አሰጋሽ፤

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ጤናዎን አላህ ይጠብቅልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

አልሳቅኩም። ደብዳቤዎን ባቡር ላይ አንብቤ መውረጃዬ አለፈኝ። እናቴ ከሞተች በኋላ አራት ዓመት እርስዎ ቤት ስኖር ያቺን ሬዲዮ ጆሮዎ ላይ ለጥፈው ሲቀመጡ አይ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ያስባሉ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የያዝኩትን የልብስ ማጠቢያ ቤት ድርሻዬን ሸጫለሁ። ከእሱ ላይ አንድ ደህና መኪና የሚገዛ ገንዘብ ለእርስዎ ለይቼ አስቀምጫለሁ። ዲኖ ሲሰማ «ለአንዲት ሴትዮ ሙዚቃ መስሚያ የመኪና ዋጋ?» አለኝ። አንዲት ሴትዮ አይደሉም፣ አክስቴ ናቸው አልኩት።

ቅዳሜ እዚህ ከተማ ያለ አንድ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ሽማግሌ ነው፣ ዕቃውን እንደ ሕፃን ነው የሚይዘው። ወንበር ላይ አስቀምጦ ሦስት አምፕሊፋየር እየቀያየረ አሰማኝ። እትዬ፣ ልዋሽዎት አልችልም፣ ሦስቱም አንድ ናቸው ለእኔ። «የትኛው ይሻላል?» ሲለኝ አፍሬ መሀለኛው አልኩት፣ የሚያምር ስለነበረ። እንዴት እንደሚሰማ ያስተምሩኝ። ካልሆነ ገንዘቡ መልክ ገዝቶ ይመጣል።

ወሬ እንሰማለን፣ አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል ስለተባለው ማስተር ፕላን፣ ስለ ተማሪዎቹ ተቃውሞ። ሰበታ እንዴት ነው?

ልጅዎ መኪያ

•

ሰበታ፣ ኅዳር 27 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለመኪዬ፤

የተባረክሽ ሁኚ፣ እጅሽም አይጉደል። ተረፈች «አከም ጂርታ»፣ እንደምን አለሽ በይልኝ ብላለች።

መጀመሪያ ለጥያቄሽ። ስታዳምጪ ለዕቃው ጀርባሽን ስጪው። የሚያምር ነገር ዓይን ውስጥ ከገባ ጆሮ ይሰንፋል። ከዚያ ዘፋኙ የት እንደቆመ ፈልጊ። በጣትሽ ማመልከት ካልቻልሽ ዕቃው እየዋሸሽ ነው። ቃሉን ከማውጣቱ በፊት አየር ሲስብ ጠብቂው፤ ሰው አየር ሳይስብ አይዘፍንም፣ መጥፎ ዕቃ ግን ያንን ይውጠዋል። ባሱ ደረትሽን ሲመታው አትደሰቺ፤ ክራሩን ከሸፈነው ጠላትሽ ነው። አትቸኩዪ። አንዱን ዘፈን ብቻ አሥር ጊዜ አሰማኝ በዪው።

እኔም እዚህ አልተቀመጥኩም። በሪሁን የሚባል ድሮ መሥሪያ ቤት አብሮኝ የነበረ ቴክኒሺያን አለ፤ ጡረታ ወጥቶ ቡራዩ ቤቱ ውስጥ አምፕሊፋየር ይጠግናል። ዋጋ ለማወዳደር ብሎ አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሱቅ ወሰደኝ። ባለሱቁ እኔን ትቶ ለበሪሁን ነው የሚያወራው። «ይኼ መብራቱ በሙዚቃው ልክ ቀለም ይቀያይራል፣ ለእሳቸው ግን ምን ያደርግላቸዋል?» አለ። ከዚያ አንዲት ሴት የዘፈነችውን ከፈተልኝ። ትንሽ ሰማሁና እንዲያቆመው ነገርኩት።

«መሀል ላይ ሰው የለም» አልኩት። «ዘፋኟ ወደ ሁለቱም ግድግዳ ትሸሻለች። የአንደኛው ስፒከር ሽቦ ተገልብጦ ገብቷል።»

ሳቀ። ባለሙያ ከውጭ አስመጥቶ ነው ያስገጠመው፣ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ስንት ትልልቅ ሰው ሰምቶታል አለን። በሪሁን ከዕቃው ኋላ ዞሮ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ሽቦውን ነቅሎ ቀዩን በቀዩ ጥቁሩን በጥቁሩ ሰካ። እንደገና ሲከፈት ሴትዮዋ መጥታ መሀላችን ቆመች። ባለሱቁ ወንበር አምጥቶ «እማማ፣ ይቀመጡ» አለኝ። እኔ ግን ምርኩዜን አንስቼ ወጣሁ። ዕቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የራሱን ዕቃ ካልሰማ ሰው አልገዛም።

በሳምንቱ በሪሁን ሱሉልታ አንድ ደንበኛው ቤት ወሰደኝ። በዚህ አገር ከእሱ የሚበልጥ ዕቃ የለም ይላል። ዕቃው እውነትም ትልቅ ነው፤ ቤቱ ግን እብነ በረድና መስታወት ብቻ ሆኖ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ሲላተም አንድ ዘፋኝ አራት ሆኖ ይመጣል። ያን ቀን የገባኝ ክፍሉ የዕቃው ግማሽ መሆኑ ነው። መንገድ ስለተዘጋ ወደ ሰበታ መግባት አልቻልኩም፣ በሪሁን ቤተሰብ ጋ ቡራዩ አደርኩ። አንዳንድ ቀን እንዲህ ይሆናል። አታስቢ።

አክስትሽ አሰጋሽ

•

ሮተርዳም፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአስተማሪዬ ለእትዬ አሰጋሽ፤

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፍልዎ በደስታ ነው።

ሱቁ ተመልሼ ሄድኩ። ወንበሩን አዙሬ ለዕቃው ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ግራ ገባው፣ አክስቴ ናቸው ያዘዙኝ አልኩት። አንድ ዘፈን ስምንት ጊዜ አስደገምኩት። በመጀመሪያው ምንም። በሁለተኛው ምንም። በአምስተኛው አየር ሲስብ ሰማሁት። እትዬ፣ ሰውየው ጀርባዬ ላይ የቆመ መስሎኝ ዞር አልኩ። ከዚያ በኋላ ሌላው አምፕሊፋየር ሲመጣ ያ ትንፋሽ ጠፋ፣ እኔም «ይኼ ይውጣልኝ» አልኩ። ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ አየኝ። አሁን የምሄድበትን ቀን ጠብቆ ሻይ ያፈላልኛል።

አምፕሊፋየሩንና ሸክላ ማጫወቻውን መርጫለሁ። የቀረው ስፒከሩ ነው። አንዱ ትልቅ ነው፣ ትከሻዬ ድረስ ይመጣል፤ ሲከፈት ቤቱን ይሞላዋል። ሁለተኛው ወገቤ ጋ ነው፣ ዋጋው ግን ከትልቁ አይተናነስም። የእርስዎን ክፍል ስፋት ሳላውቅ መወሰን አልቻልኩም። ኦቦ ገርባ ርዝመቱን፣ ወርዱንና የጣሪያውን ከፍታ ይለኩልኝ። ግድግዳው ምን እንደሆነም ይጻፉልኝ።

እሳቸውስ፣ ተረፈችስ ደህና ናቸው? ወሬው ከፍቷል። ስደውል ኔትወርኩ አይገባም።

ልጅዎ መኪያ

•

ሰበታ፣ ጥር 22 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለመኪያ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዕቃው ይቆይ። ካስቀመጥሽው ገንዘብ እኩሌታውን ለሌላ ጉዳይ እፈልገዋለሁና በሰው ብትልኪልኝ። ጉዳዩን አትጠይቂኝ። የክፍሉን ልክ ሌላ ጊዜ።

ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሏል፣ ሰምተሽ ይሆናል። ደብዳቤሽን ያነበበችልኝ ሌላ ሰው ናት።

አሰጋሽ

•

ሮተርዳም፣ የካቲት 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ አሰጋሽ፤

አላህ ከክፉ ይሰውርዎ። የጠየቁኝ ገንዘብ በሚቀጥለው ሳምንት በዲኖ ዘመድ እጅ ይደርስዎታል። ጉዳዩን ሳይነግሩኝም ልኬያለሁ።

ግን ልናገር። ደብዳቤዎ እጅግ አጭር ነው። የዲኖን ስም አላነሱም፣ ምርቃትም የለውም። ወረቀቱን ገልብጬ በጣቴ ዳሰስኩት፤ ፊደሉ ወረቀቱን በስቶት ወጥቷል። እንዲህ አድርገው መትተው አያውቁም። ተረፈች ለምን አላነበበችልዎትም? ኦቦ ገርባ አንድ ክፍል ለመለካት ለምን ጊዜ አጡ?

የታመሙት እርስዎ ከሆኑ ትኬት ቆርጬ እመጣለሁ። እርስዎ ካልሆኑ ማን እንደሆነ ይንገሩኝ። ማዳመጥ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ አሁን አልሰማሽም ሊሉኝ አይችሉም።

ልጅዎ መኪያ

•

ሰበታ፣ መጋቢት 11 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለመኪያ፤

እግዚአብሔር ያክብርሽ፣ ጆሮሽንም ይባርክልኝ። ልክ ነሽ። አሁን ሁሉንም እነግርሻለሁ።

ገርባን በታኅሣሥ ወር ከእርሻው ወስደውታል። የዚያን ሰሞን በተቃውሞው ሰበብ ከፉሪ የተወሰደው ሰው ብዙ ነው። ተረፈች ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ስትመላለስ መልሱ አንድ ነው፣ እኛ ጋ የለም። ያንቺን ደብዳቤ ልታነብልኝ ጀምራ «ኦቦ ገርባ ይለኩልኝ» የሚለው ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ጭኔ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ከዚያ ከማታውቀው ሰው ስልክ መጣላት። ሰውየው ባልሽ ያለው እኛ ጋ ነው፣ ሩቅ ነው፣ ገንዘብ ካመጣሽ በሳምንቱ ይፈታል፣ ለሰው ከተናገርሽ ግን አታገኚውም አላት። ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። ከሀብቷ የሚሸጥ ነገር ስላልበቃት ነው ያንቺን የጠየቅኩት። አፍ ዝጉ ስለተባልን ነው የደበቅኩሽ።

ገንዘብሽ በደረሰ በማግሥቱ ሰውየው ደወለ። ተረፈች አጠገቤ ነበረች፤ ስልኩን ተቀበልኳትና በግራ ጆሮዬ ያዝኩት። እሱ የእስር ቤቱ ቢሮ ውስጥ ነኝ እያለ ያወራል። እኔ የማዳምጠው ከኋላው ያለውን ነው። የታክሲ ረዳት «ወለቴ! ጀሞ!» እያለ ይጣራል። ከእሱ ጀርባ ወፍጮ ይፈጫል፤ ቀበቶው የተቀደደ ነው፣ በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ ይመታል። ያንን ወፍጮ እዚሁ አጠገባችን ዓለም ገና ከተማ እህሌን ሳስፈጭ ሰባት ዓመት ሰምቼዋለሁ።

«ልጄ» አልኩት፣ «ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመህ ነው የምትደውለው። ቀበቶውን እስካሁን አላሠሩትም?»

ዘጋው። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። ተረፈች ተስፋዋ የተቆረጠ መስሏት ሬሳ ሆነች። እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ከተናደድኩ ደግሞ የምችለው አንድ ሥራ አለ። ወንበሬን አስጠግቼ ስልክ መደወል ጀመርኩ። ቢሮ በቢሮ፣ አንዳንዱን በአማርኛ፣ አንዳንዱን በኦሮምኛ፣ የማላውቀውን ቁጥር የድሮ ባልደረቦቼን እየጠየቅኩ። ጣቢያ በር ላይ የቆመ ሰው ይባረራል፤ ስልክ ግን የሚያነሳው ሰው ሁሌም አለ። አሥራ አንድ ቀን ደወልኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን አንዲት ሴት አነሳች። የገርባን ስም ተናግሬ የአባቱን ሳልጠራ «የለም» አለችኝ።

«እህቴ፣ የአባቱን ስም ገና አልነገርኩሽም» አልኳት።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማማ፣ ነገ ጠዋት መልሰው ይደውሉልኝ» አለች። በማግሥቱ ያለበትን ቦታ ስም ነገረችኝ። ስሟን አልጠየቅኳትም፤ ድምፅዋን ግን የትም ብሰማው አውቀዋለሁ።

ተረፈች ሄዳ በዓይኗ አይታዋለች። ከስቷል፣ ግን በእግሩ ቆሞ አነጋግሯታል። ስሙ መዝገብ ላይ እንዳለ ከታወቀ በኋላ ጠበቃም ተገኝቷል። ገንዘብሽ እንዳለ እጄ ላይ ነው፣ ሌባ አልበላውም።

ይህን ደብዳቤ አክርሬ አልመታሁትም። ዳስሰሽ እይው።

አክስትሽ አሰጋሽ

•

ሮተርዳም፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለጀግናዋ አክስቴ፤

አላህ እጥፍ ድርብ አድርጎ ይክፈልዎ፤ ለኦቦ ገርባም መውጫውን ያቅርብላቸው። ደብዳቤዎን ለዲኖ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ወፍጮው ላይ ስደርስ ተነስቶ መስኮቱን ከፈተና «ዕቃውን እኔ ራሴ ይዤላቸው እሄዳለሁ» አለ። ፈቃድ ወስዷል፣ በግንቦት ይመጣል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ዕቃው ይቆይ ሲሉኝ አላቆየሁትም፤ ገንዘቡ ለሁለቱም ይበቃ ነበር። ስፒከሩንም ሳልጠይቅዎ መርጫለሁ። ሽማግሌው ትልቁን ነው የመከረኝ፣ እርስዎም ያን ባንድ ስለነገሩኝ ትልቁን የሚፈልጉ መስሎኝ ነበር። ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ተቀምጬ ሁለቱን ሰማኋቸው። ትልቁ ከበሮውን ያሳምረዋል፤ ከበሮው ባለበት ሁሉ ግን ሰውየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። ትንሹ ሁሉንም በየቦታው ይተወዋል። ትንሹን አልኩ። ሽማግሌው «እርግጠኛ ነሽ?» ሲለኝ «እርግጠኛ ነኝ» አልኩት። ተሳስቼ ከሆነ ይንገሩኝ፣ አይሸንግሉኝ።

ልጅዎ መኪያ

•

ሰበታ፣ ሰኔ 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለመኪያ፤

አምላክ እንደ ልብሽ ያድርግልሽ። ዛሬ ብዙ የምጽፈው ስላለ ለምርቃቱ አልቆይም።

ገርባ በግንቦት አጋማሽ ተፈታ። ፍርድ ቤት ማስረጃ የለም ብሎ አሰናብቶታል። ሰፈሩ ሁሉ እስከ ዋናው መንገድ ወጥቶ ተቀበለው፣ እልልታው ጆሮዬን አደነቆረው። ግን ሰውየው ቤት መግባት አልቻለም። በር ሲዘጋበት ላብ ያጠምቀዋል። በረንዳ ላይ ይበላል፣ በረንዳ ላይ ይተኛል። ተረፈች ፍራሹን አውጥታ አጠገቡ ተኛች።

ዕቃ ሊመጣ ነው ሲባል ግን እጁ ሥራ አማረው። «ያን ጊዜ ሳልለካልሽ ቀረሁ» ብሎ ሜትር ይዞ መጣ። በሩን በድንጋይ ከፍቶ አስይዞ ክፍሉን ለካ። እኔም የሱሉልታውን ቤት ነገርኩት። ሲሚንቶው ድምፅ ይመልሳል ስለው ጭድና ጭቃ አቡክቶ ሁለቱን ግድግዳ በእጁ መረገልኝ። በሪሁን ከቡራዩ መጥቶ አጨበጨበና «አሁን ማሚቶው ሞተ» አለ።

ዲኖ ጉምሩክ ሁለት ቀን ቆሞ ዕቃውን አወጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ አምፕሊፋየሩን ለሌላ አላሸከመም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሪሁን ሁሉንም ገጠመ፤ ኮረንቲው እንዳያቃጥለው ስታቢላይዘር አደረገበት። ከዚያ ከቤቱ ያመጣውን የቆየ የኦሮምኛ ሸክላ አስቀመጠ። አኮርዲዮን ነበር መጀመሪያ የመጣው። የአኮርዲዮኑ ቆዳ ሲከፈት አየር ሲገባበት ሰማሁ። የተጫዋቹ ጣት ቁልፉን ሲለቅ ሰማሁ። ከዚያ ዘፋኙ መጣ፤ ሙሉውን መጣ፤ ደረቱም፣ ጉሮሮውም። እጄን ዘርግቼ ልነካው ምንም አልቀረኝም። መኪያ፣ እኔ ብሆን ትልቁን ነበር የምመርጠው። እኔ ብሆን እሳሳት ነበር። ያንቺ ጆሮ ከኔ በልጧል፤ ይህን ስጽፍ እንደዛሬ ኮርቼ አላውቅም።

ዲኖ የሰማውን ራሱ ይነግርሻል። ስታገኚው ጠይቂው።

ገርባ በረንዳው ላይ ነበር፣ በሩ ክፍት ነው። ሸክላው ሲገለበጥ ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ደፉ ላይ ቆመ። ከዚያ ገብቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፣ ቀጥሎ ተቀመጠ። ውጭ ባጃጅ ያጓራል፣ ልጆች ይጫወታሉ። አንዴ ዞር አለ፣ ሁለቴ ዞር አለ። በመጨረሻ ተነሳና «ይኼ ባጃጅ አላሰማኝም» ብሎ ድንጋዩን በእግሩ ገፍቶ በሩን ዘጋው። በራሱ እጅ። ተረፈች ክንዴን ጨመቀችው። ተመልሶ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ትንፋሹን አዳመጥኩት፤ አልተቻኮለም።

«ኢቲ ደበሊ፣ አሰጋሽ» አለኝ። «ጨምሪበት።»

ጨመርኩበት። እሱ ራሱ መዝፈን ጀመረ፣ ተረፈች ተቀበለችው፣ በሪሁን ጠረጴዛውን ከበሮ አደረገው። የሰፈሩ ሰው በሩ ላይ ተሰብስቦ እንደነበር ያወቅነው ሸክላው ሲያልቅ ከውጭ ሲያጨበጭቡ ነው።

ከእኔና በዚህ ቤት ካሉት ሁሉ ሰላም ይድረስሽ፤

አክስትሽ አሰጋሽ